አኽላቅ፦ ቃሉ ከየት መጣ? ትርጉሙስ ምንድን ነው?

(በሬድዮ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን ዘወትር የምንናገረው አንድ ቃል ነው። ቃሉ «አኽላቅ» ይባላል። ልጃችን ለትዳር ስትጠየቅ «የልጁ አኽላቅ እንዴት ነው?» ብለን እናጣራለን። የጎረቤት ልጅ ትልቅ ሰው ሲያይ ከመቀመጫው ቢነሳ «ማሻአላህ! አኽላቅ ያለው ልጅ» እንላለን። አንዱ መንገድ ላይ ሲሳደብ ከሰማን ደግሞ «አኽላቅ የሌለው» ብለን እናልፈዋለን።

በአንጻሩ ከዚህ ቃል ጋር የማይስማማ ሌላ ንግግርም ለምደናል። ቤተሰቡን በቁጣ የሚያስጨንቅ አባት «ምን ላድርግ፣ ጠባዬ ነው» ይላል። ልጇ መዋሸት የለመደባት እናት «ከተፈጥሮው ነው፣ አይመለስም» ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት «እሱ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው»፣ «እሷም እንደዚያው ናት» ተባብለው መመካከር ያቆማሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አኽላቅ እንደ ቁመታችንና እንደ ፊታችን መልክ አብሮን ተፈጥሮ የማይለወጥ ነገር ነውን? ወይስ የሚሠራ፣ የሚታረምና የሚታነጽ ነገር ነው? የማይለወጥ ከሆነ ምክርም፣ ተርቢያም፣ መድረሳም ከንቱ ድካም ይሆናሉ። የሚለወጥ ከሆነ ግን «ጠባዬ ነው» የሚለው ንግግር ምክንያት ሊሆነን አይችልም። መልሱን ለማግኘት ቃሉን ከሥሩ እንመርምር።

«ኸልቅ» እና «ኹሉቅ»

«አኽላቅ» በዐረብኛ ብዙ ቁጥር ነው። ነጠላው «ኹሉቅ» ነው። የቃሉ ሥር ኻእ፣ ላምና ቃፍ የተባሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። ከዚሁ ሥር «ኸለቀ» (ፈጠረ)፣ «ኻሊቅ» (ፈጣሪ)፣ «መኽሉቅ» (ፍጡር) እና «ኸልቅ» (ፍጥረት) የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። የሀገራችን ሙስሊም «የአላህ ኸልቅ» ሲል የሚጠቀምበት ቃል ይኸው ነው። «ኸልቅ» እና «ኹሉቅ» በዐረብኛ ጽሑፍ ያለ ሐረካ ሲጻፉ ምንም ልዩነት የላቸውም። ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን መቀራረብ በቸልታ አላለፉትም። የቁርኣንን ቃላት በመተንተን የታወቁት አር-ራጊብ አል-አስፈሃኒ «አል-ሙፍረዳት» በተሰኘው መጽሐፋቸው ሁለቱ ቃላት በመሠረቱ አንድ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሆኖም «ኸልቅ» በዓይን ለሚታይ መልክና ቅርጽ፣ «ኹሉቅ» ደግሞ በልቦና ለሚስተዋል ኃይልና ጠባይ ተለይቶ እንደዋለ ያስረዳሉ። ስለዚህ የሰው ልጅ ሁለት መልክ አለው ማለት ነው። አንደኛውን መስታወት ያሳየናል። ሁለተኛውን መስታወት አያሳየንም፤ አብሮን የሚኖር ሰው ሁሉ ግን ያየዋል።

በ395 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1004) ያረፉት የቋንቋ ሊቅ ኢብኑ ፋሪስ ደግሞ «መቃዪሱል ሉጋህ» በተባለው መዝገበ ቃላታቸው ወደ ኋላ ራቅ ብለው ሥሩን ይፈትሻሉ። የዚህ ሥር የመጀመሪያ ትርጉም «መለካት፣ መመጠን» ነው ይላሉ። ዐረቦች የውሃ መያዣ ለመሥራት ቆዳ ሲለኩ ይህንኑ ግሥ ይጠቀሙ ነበር። ባለሙያው ቆዳውን ዘርግቶ፣ ለክቶ፣ የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚሰፋ ወስኖ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ኢብኑ ፋሪስ ኹሉቅንም የሚያስቀምጡት በዚሁ ፍቺ ሥር ነው። የሰው ጠባይ ባለቤቱ የተመጠነበት ልክ ነውና።

ከዚሁ «መመጠን» ከሚለው ፍቺ የሚወጣ ሌላም ቃል አለ። እርሱም «ኸላቅ» ነው፤ ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚሰጥ ድርሻ ማለት ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 77ኛ አንቀጽ የአላህን ቃል ኪዳንና መሐላቸውን በጥቂት ዋጋ የሚለውጡ ሰዎች በመጪው ዓለም «ኸላቅ» ማለትም ድርሻ እንደሌላቸው ተነግሯል። በገበያ ላይ በሐሰት ምሎ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ይህን ልብ ይበል። ኹሉቁን ያበላሸ ሰው ኸላቁን ለአደጋ አጋልጧል።

ቃሉ በቁርኣን ውስጥ

«ኹሉቅ» የሚለው ቃል በቁርኣን ውስጥ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። «አኽላቅ» የሚለው ብዙ ቁጥር ጭራሽ አልመጣም።

አንደኛው በሱረቱ አል-ቀለም 4ኛ አንቀጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) መልእክተኛውን በታላቅ ኹሉቅ ላይ መሆናቸውን መስክሮላቸዋል። ይህ ምስክርነት የመጣበትን ሁኔታ እናስተውል። የመካ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) «ዕብድ» እያሉ በሚሰድቡበት ጊዜ ነበር። ለስድቡ የተሰጠው ምላሽ የጠባያቸው ታላቅነት ሆነ።

ሁለተኛው በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ 137ኛ አንቀጽ ነው። እዚህ ላይ ተናጋሪዎቹ የነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች የሆኑት ዓዶች ናቸው። ነቢያቸው በየኮረብታው ለከንቱ ውድድር በመገንባታቸውና በደካሞች ላይ በጭካኔ በመነሳታቸው ሲገሥጻቸው፣ ነገሩ የቀደምቶች «ኹሉቅ» ነው ብለው መለሱ። ከሙፈሲሮች ማብራሪያ በአንደኛው መሠረት እዚህ ላይ ቃሉ «ልማድ» ማለት ነው። የምንሠራው አባቶቻችን ይሠሩት የነበረውን ነው ማለታቸው ነበር።

ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ኹሉቅ ታላቅ ሊሆን ይችላል፤ ኹሉቅ የጥፋት ምክንያት መደበቂያም ሊሆን ይችላል። «ልማዳችን ነው» ወይም «ጠባዬ ነው» የሚለው አነጋገር አዲስ አይደለም። ዓዶችም ብለውት ነበር።

ሌሎች ሕዝቦችስ ምን ብለው ጠሩት?

ይህን ጉዳይ ያላሰበበት ሕዝብ የለም። የጥንት ግሪኮች ጠባይን «ኤቶስ» ይሉት ነበር። ከልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው ፈላስፋው አርስቶትል፣ የጠባይ መልካምነት የሚጠራበት ቃል «ልማድ» ከሚለው ቃል በጥቂት ለውጥ የወጣ መሆኑን ጽፏል። ሮማውያን ደግሞ ልማድን «ሞስ»፣ በብዙ ቁጥር «ሞሬስ» ይሉታል። ከልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሲሴሮ የግሪኩን ቃል ወደ ላቲን ለመመለስ ሲፈልግ ከዚህ ተነስቶ «ሞራሊስ» የሚል ቃል አበጀ። ዛሬ አውሮፓውያን «ሞራል» እና «ሞራሊቲ» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። እኛም ቃሉን ወስደነዋል፤ ነገር ግን «ሞራሉ ተነካ» ስንል ብዙውን ጊዜ ወኔውን ማለታችን ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። «ሥነ ምግባር» የሚለው ከግእዝ የመጣ ነው። «ሥን» ውበት ማለት ሲሆን፣ «ምግባር» ደግሞ «ገብረ» (ሠራ) ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ቃሉ «የሥራ ውበት» የሚል መልእክት አለው።

«አደብ» የሚለውስ? ሙስሊሙም ሙስሊም ያልሆነውም የሀገራችን ሰው «አደብ ግዛ!» ይላል። ቃሉ ዐረብኛ ነው። የዐረብኛ ሊቃውንት «መእዱባህ» ከሚለው፣ ማለትም ሰው ከሚጠራበት ግብዣ ጋር ያዛምዱታል። አደብ ሰውን ወደ መልካም ነገር የሚጠራ ነውና።

«ጠባይ» የሚለውንም ቃል የቋንቋ ተመራማሪዎች ከዐረብኛው «ጠብዕ» ጋር ያገናኙታል። የዚህ ሥር ትርጉም ማተም፣ ማኅተም ማሳረፍ ነው። ዐረቦች ማተሚያ ቤትን «መጥበዓህ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። ጠባይ ማለት እንግዲህ በነፍስ ላይ ያረፈ ማኅተም እንደማለት ነው።

ልብ በሉ! ግሪኩና ላቲኑ ወደ ልማድ ያመለክታሉ። የግእዙ ወደ ሥራ ያመለክታል። «ጠባይ» ወደ ማኅተም፣ «አኽላቅ» ደግሞ ወደ መፈጠርና መመጠን ያመለክታሉ። እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ሰው ተመጥኖ ተፈጥሯል፤ ይሠራል፤ የሠራውን ይለምዳል፤ የለመደውም በነፍሱ ላይ ይታተማል።

ለማሟላት የመጣ መልእክት

ኢማም አሕመድ፣ ኢማም አል-ቡኻሪም «አል-አደቡል ሙፍረድ» በተባለው መጽሐፋቸው በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላኩት መልካም አኽላቅን ለማሟላት መሆኑን ተናግረዋል። «ማሟላት» የሚለው ቃል ይሰመርበት። የሚሟላ ነገር ቀድሞ የተጀመረ ነው። ከእስልምና በፊትም ዐረቦች እንግዳ ያከብሩ፣ ቃላቸውን ይጠብቁ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት፣ በመካ የተበደለን ሰው ለመርዳት በተደረገው «ሒልፉል ፉዱል» በተባለ ስምምነት ላይ ተገኝተዋል። በእስልምና ዘመንም ወደዚያ ዓይነት ስምምነት ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። መልካም ነገር ከማንም ሰው ዘንድ ቢገኝ መልካም ነው።

ይህን አኽላቅ በአጭሩ ከሚያስረዱ ንግግሮች አንዱ የተነገረው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሐቦች ከመካ ሸሽተው ወደ ነጃሺ መጡ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ልከው እንዲመልሷቸው ጠየቁ። ንጉሡ ስደተኞቹን ስለ ሃይማኖታቸው በጠየቃቸው ጊዜ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ተነስተው ተናገሩ። ቀድሞ ጣዖት እያመለኩ፣ በክት እየበሉ፣ ዝምድና እየቆረጡ፣ ጎረቤት እየበደሉ፣ ብርቱው ደካማውን እየበላ ይኖሩ እንደነበር አልሸሸጉም። ከዚያም ነቢዩ አላህን ብቻ እንዲያመልኩ፣ እውነት እንዲናገሩ፣ አደራ እንዲመልሱ፣ ዝምድና እንዲቀጥሉ፣ ለጎረቤት መልካም እንዲሆኑ፣ የየቲምን ገንዘብ እንዳይበሉ እንዳዘዟቸው አብራሩ።

ጀዕፈር ስለ እምነታቸው ተጠይቀው ከተውሒድ ቀጥሎ የጠቀሱት አደራን፣ ጎረቤትንና የቲምን ነው። ሌላም ነገር እናስተውል። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የነበሩበትን ሲናገሩ «ተፈጥሯችን ነበር» አላሉም። ሕዝብ እንዳለ ሊለወጥ እንደሚችል በራሳቸው ሕይወት አሳይተዋል።

ዑለማዎች የሰጡት ፍቺ

እስካሁን ያየነው ቃሉን ነው። ቃሉ የሚያመለክተውን ነገር በትክክል ከገለጹት መካከል በ505 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1111) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ይገኙበታል። «ኢሕያኡ ዑሉሚድ-ዲን» ከተባለው ታላቅ መጽሐፋቸው 22ኛውን ክፍል ያዋሉት ነፍስን ለመግራትና አኽላቅን ለማረም ነው።

በእርሳቸው አገላለጽ ኹሉቅ በነፍስ ውስጥ ሥር የሰደደ ሁኔታ ነው፤ ከእርሱም ድርጊቶች ያለ ችግር፣ ብዙ ማሰብና ማሰላሰል ሳያስፈልግ በቀላሉ ይወጣሉ። ከዚህ ፍቺ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፦ ሥር የሰደደ መሆን አለበት። በዓመት አንድ ቀን ስሜቱ ተነክቶ የሰጠ ሰው ገና ለጋስ አልተባለም። መስጠት ቋሚ ጠባዩ ሲሆን ነው ለጋስ የሚባለው።

ሁለተኛ፦ ኹሉቅ ድርጊቱ ራሱ አይደለም። አል-ገዛሊ እንደሚሉት ለጋስ ሆኖ ገንዘብ ስለሌለው የማይሰጥ ሰው ይኖራል። ንፉግ ሆኖ ለእዩልኝ የሚሰጥም ይኖራል። የመጀመሪያው እጁ ባዶ ቢሆንም ኹሉቁ ሙሉ ነው። የሁለተኛው እጅ ቢዘረጋም ውስጡ ጨብጧል።

ስለዚህ አንድ ልጅ በእንግዳ ፊት አንገቱን ስለደፋ ብቻ «አኽላቅ አለው» ብለን አንቸኩል። አንገት መድፋት መልካም አደብ ነው። አኽላቅ ግን ሰው በማያየው ጊዜ ያለ ግድ የሚሠራው ነው። በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነዋስ ኢብኑ ሰምዓን (ረ.ዐ.) መልካምነት ማለት መልካም ኹሉቅ እንደሆነ፣ ኃጢአት ደግሞ በደረት ውስጥ የሚያመላልስና ሰዎች እንዳያዩት የሚፈለግ ነገር እንደሆነ ነግረዋቸዋል።

አኽላቅ ይለወጣልን?

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ ደርሰናል። በአል-ገዛሊ ዘመንም «አኽላቅ አይለወጥም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ማስረጃቸውም ከቃሉ ሥር የተወሰደ ነበር። ኸልቅ የውጭ መልክ ነው፤ ኹሉቅ የውስጥ መልክ ነው። አጭር ሰው ራሱን ረጅም ማድረግ፣ መልከ ጥፉው ራሱን ቆንጆ ማድረግ ካልቻለ፣ የውስጡንም መለወጥ አይችልም አሉ።

አል-ገዛሊ ሲመልሱ፣ አኽላቅ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ምክርና ተግሣጽ ሁሉ ዋጋ ያጣ ነበር ይላሉ። የእንስሳት ጠባይ እንኳ ሲለወጥ እናያለን። የዱር ጭልፊት ሰው ይለምዳል። አዳኝ ውሻ ያደነውን ሳይበላ ለጌታው ማቆየት ይማራል። አልገራ ያለ ፈረስ ልጓም ተቀብሎ ይታዘዛል። ታዲያ የሰው ልጅ እንዴት ያቅተዋል?

ቀጥለው የተምር ፍሬን ምሳሌ ያደርጋሉ። የተምር ፍሬ የተምር ዛፍ አይደለም፤ ነገር ግን ተተክሎ እንክብካቤ ካገኘ ዛፍ እንዲሆን ሆኖ ተፈጥሯል። የቱንም ያህል ብንለፋ ግን የፖም ዛፍ አይሆንም። ቁጣና ስሜትም እንዲሁ ናቸው። ከሥራቸው ነቅለን ልናጠፋቸው አንችልም፤ አልታዘዝንምም። ቁጣ ጨርሶ ባይኖር ሰው ራሱንና ቤተሰቡን አይከላከልም ነበር። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 134ኛ አንቀጽም የተመሰገኑት ቁጣን የሚውጡ ሰዎች ናቸው፤ ቁጣ የሌላቸው አልተባለም። የሚፈለገው መግራት ነው።

ሐዲሶችም ሁለቱንም ወገን ያሳዩናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዐብዱል ቀይስ ልዑክ መሪ ለነበሩት ለአል-አሸጅ አላህ የሚወዳቸው ሁለት ጠባዮች እንዳሏቸው ነገሯቸው፤ ታጋሽነትና አለመቸኮል። ሰውየውም እነዚህን ያዳበሯቸው ራሳቸው ይሁኑ ወይስ አላህ የፈጠረላቸው እንደሆነ ሲጠይቁ አላህ የፈጠረላቸው መሆኑ ተነገራቸው፤ አላህንም አመሰገኑ። ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። በሌላ በኩል በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ለመታገሥ የሚጥርን ሰው አላህ ትዕግሥት እንደሚሰጠው ተነግሯል። ይህ ደግሞ በጥረት የሚገኘው ነው። ስጦታ ያልተሰጠው ሰው በሩ አልተዘጋበትም ማለት ነው።

መንገዱ ምንድን ነው? አል-ገዛሊ እንደሚያስረዱት ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ እጁን እያስገደደ የጥሩ ጸሐፊን ፊደል ይገለብጣል። እየደጋገመ ሲሄድ የግድ የነበረው ጠባይ ይሆንለታል። ንፉግም በግድ እየሰጠ ለጋስነትን ይማራል፤ ኩሩም በግድ ዝቅ እያለ ትሕትናን ይለምዳል። ጅማሬው ላይ መክበዱ የግብዝነት ምልክት አይደለም። የልምምድ ባሕርይ ነው።

እውነተኛው መፈተኛ ቤት ነው

ከቤት ውጭ ሁላችንም እንጠነቀቃለን። በመስጅድ፣ በሥራ ቦታ፣ በሰርግ ላይ የምንናገረው ይለሰልሳል። የተደበቀው ኹሉቅ የሚገለጠው የቤቱ በር ሲዘጋ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ስለ ነቢዩ ኹሉቅ ሲጠየቁ ኹሉቃቸው ቁርኣን እንደነበር ተናግረዋል። በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ደግሞ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ ሰላት ሲደርስ ለሰላት ይወጡ እንደነበር መለሱ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ከልጅነታቸው ጀምሮ ለአሥር ዓመታት አገልግለዋቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን የመሰልቸት ቃል እንዳልሰሙባቸው መስክረዋል።

በየቤታችን ያለችውን የቤት ሠራተኛ በዚህ ሚዛን እንመልከት። ሌሊት ቆመን እየሰገድን፣ ቀን ስኒ ሰበረች ብለን የምናዋርዳት ከሆነ ኹሉቃችንን የምታውቀው እርሷ ናት። ከገጠር የመጣች የሰው ልጅ ናት፤ እናት አላት። እርሷ ስለ እኛ የምትመሰክረው ጎረቤት ከሚመሰክርልን ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።

በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኡመታቸው ኪሳራ የደረሰበት ሰው ማን እንደሆነ ገልጸዋል። በቂያማ ዕለት ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ግን ይህን የሰደበ፣ ያንን በሐሰት የወነጀለ፣ የሌላውን ገንዘብ የበላ፣ የመታ፣ ደም ያፈሰሰ ሰው ነው። መልካም ሥራው ለተበዳዮች ተከፋፍሎ ያልቅበታል፤ ከዚያም የእነርሱ ኃጢአት ይጫንበታል። ዛሬ ደግሞ ስድቡ ከአፍ አልፎ በስልካችን ይጻፋል። በፌስቡክና በቲክቶክ ስሙን ደብቆ ሰውን የሚያዋርድ ሰው፣ ከሰው ቢደበቅ ከአላህ አይደበቅም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ በልጅ ላይ መጥፎ ማኅተም አናሳርፍ። አንድ ቀን የዋሸን ልጅ በዘመድ ፊት «ይሄ ውሸታም» ብለን ስንጠራው ስም እየሰጠነው ነው። «ይህ ንግግርህ እውነት አይደለም፤ አንተ ግን እውነተኛ መሆን ትችላለህ» ማለት ይሻላል። አል-ገዛሊ ልጅን በወላጆቹ እጅ ያለ አደራ ይሉታል። ልጅ ጥፋቱን ደብቆ ከሆነ በመጀመሪያው እንዲታለፍ፣ ከደገመው ብቻውን ተጠርቶ እንዲገሠጽ፣ ተግሣጽ ሲበዛ ግን ልብ እንደሚለምደውና ዋጋ እንደሚያጣ መክረዋል። ከትምህርት በኋላ እንዲጫወት እንዲፈቀድለትም አሳስበዋል። ሁልጊዜ ማስጠናትና ጨዋታ መከልከል ልቡን ይገድለዋልና።

ሁለተኛ፦ ጥቂት ነገር መርጠን እንደጋግም። «ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም» ብሎ መማል ቀላል ነው፤ አይዘልቅም። ይልቅ ስንቆጣ መናገር ማቆምን፣ ቆመን ከሆነ መቀመጥን እንለማመድ። ልጃችን በየጁሙዓው ከኪሱ ጥቂት ሳንቲም በገዛ እጁ ይስጥ። ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ እጁን ያስለምደዋል።

ሦስተኛ፦ ጉድለታችንን የሚነግረን ሰው እንፈልግ። የውስጥ መልካችንን መስታወት አያሳየንም ብለናል። አል-ገዛሊ ከጠቀሷቸው መንገዶች አንዱ እውነተኛ ጓደኛ ነው። ሌላው ደግሞ የጠላት ምላስ ነው። የሚወደን ሰው የሚሸፍነውን ጉድለት የሚጠላን ሰው ይገልጠዋልና። ከጥላቻው መካከል እውነቱን ለይቶ የሚወስድ ሰው ተጠቃሚ ነው። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን «ከጠባዬ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቢለመድ ስንት ትዳር በዳነ ነበር!

አራተኛ፦ እኛ ያልያዝነውን ከልጆቻችን አንጠብቅ። «የለም በለው» ብሎ ልጁን ወደ በር የሚልክ አባት፣ ማታ ስለ እውነተኝነት ቢመክር ልጁ የሚማረው ከምክሩ ሳይሆን ከበሩ ነው።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! የውጭ መልካችንን አላህ ያለ እኛ ምርጫ ሠርቶታል፤ ስለ ቁመታችንም ሆነ ስለ ቀለማችን አንጠየቅም። የውስጥ መልካችን ግን ልኩ ተሰጥቶን ሥራው በአደራ ለእኛ ተትቷል። ስለዚህ «ጠባዬ ነው» የምንለው ነገር ገና ያልጨረስነው ሥራ ነው። ቁጡው አባት ዛሬ ማታ ሊጀምር ይችላል። ተስፋ የቆረጠችውም እናት ልጇን እንደገና ልትጠራው ትችላለች።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በተላለፈ አንድ ዱዓእ ውስጥ እነዚህ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዱዓኡም አላህ ኸልቃቸውን እንዳሳመረ ኹሉቃቸውንም እንዲያሳምርላቸው ይለምናሉ። በታላቅ ኹሉቅ ላይ መሆናቸው የተመሰከረላቸው ነቢይ ይህን ከለመኑ፣ እኛማ እንዴት አብዝተን አንለምን?

አላህ (ሱ.ወ.) የውስጥ መልካችንን ያሳምርልን። ቤቶቻችንን የመተዛዘንና የእውነት ቤቶች ያድርግልን። ልጆቻችንን በመልካም አኽላቅ ያሳድግልን። ኣሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።